የዴልፊና እግር እና የቶሪቢዮ ተቆራጭ

ዴልፊና ሳቫላ እግሯን የሰበረችው በእኔ ድግስ ላይ ነው። ልጄ ያሬሊ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ቅዳሜ፣ ካሊፎርኒያ፣ አርቪን ከተማ ያለውን የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ተከራይተን፣ ፍየል አርደን፣ ከቤከርስፊልድ ባንድ አስመጥተን ነበር። ዴልፊና የልጄ የክርስትና እናት ናት። አበልጄ ስለሆነች ድግሱ ከእኔ ይልቅ የእሷ ይመስል ነበር። ወጥ ሠሪዎቹን ትቆጣለች፣ ሙዚቀኞቹን ታዛለች፣ ወንዶቹን ከመጠጡ አካባቢ እየጎተተች ወደ ጭፈራው ታስገባለች።

ስትጨፍር ብታዩዋት! ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ግን የአገራችንን የሜክሲኮን፣ የሃሊስኮን ዘፈን ሲጀምሩላት ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ ጣውላውን በተረከዟ መደብደብ ስትጀምር ያሬሊና ጓደኞቿ እንኳን አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ባንዱ ያለበት መድረክ ላይ ወጥታ ነበር። ወደ ጠርዙ እየተጠጋች እንደሆነ ሁላችንም እናያለን፤ እሷ አታይም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጣውላው እዚያ ላይ አልቋል።

ሙዚቃው ቆመ። ሴቶቹ ጮኹ። ዴልፊና መሬት ላይ እንደተቀመጠች ዙሪያዋን አየችና፣

«ማን አቁሙ አላችሁ?» አለች። «የልጅ ድግስ ነው እንጂ ለቅሶ ነው እንዴ? ቀጥሉ!»

እግሯ ግን ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሮ ነበር። ባሏ አቡንዲዮ ሮጦ መጥቶ ሊያነሳት ሲታገል፣ እሱ የወይን እርሻ ሠራተኛ ነውና፣ «ቀስ በል አንተ፣ የወይን ሣጥን አደረግከኝ እንዴ?» አለችው። እንዲህ እያለች ቢሆንም ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር። ያሬሊ በዚያ ትልቅ ቀሚሷ ከኋላ እየተከተለቻት አለቀሰች።

ቁርጭምጭሚቷ ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። ሆስፒታል በብሎን አሰሩላት፣ ጀሶ አደረጉላት፣ ለረጅም ጊዜ ቆሞ መሥራት የሚባል ነገር እንዳታስብ ነገሯት። የእኛ ሥራ ደግሞ መቆም ነው። ዴልፊናና እኔ ካሮት ማሸጊያ ውስጥ ነው የምንሠራው። ታጥቦ በማሽኑ ላይ የሚፈሰውን ካሮት፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን እየለቀምን ስናወጣ እንውላለን። ቀጣሪያችን ፋብሪካው አይደለም፤ ቶሪቢዮ የሚባል ሠራተኛ አቅራቢ ነው። በየሳምንቱ ደሞዝ የሚሰጠን እሱ ነው፣ ሰኞ ሰኞ ስም እየጠራ የሚያስገባንም እሱ ነው። ስሙ ያልተጠራ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ዴልፊና ከሆስፒታል እንደወጣች የአቡንዲዮ ወንድም ናቦር ቤቷ መጣ። ናቦር በየሰዉ ጉዳይ ዘዴ የማያጣ ሰው ነው።

«ሥራ ላይ ነው የወደቅሁት በይ» አላት። «ዓርብ ዕለት ውኃ አዳለጠኝ፣ ቅዳሜ አበጠብኝ በይ። አንድ ጠበቃ አውቃለሁ፤ ሥዕሉ በየአውቶቡሱ ላይ ያለው። ፋብሪካውን አራቁቶ ነው የሚሰጥሽ።»

«ናቦር» አለችው፣ «ሁለት መቶ ሰው እያየኝ ነው የወደቅሁት። ግማሹ በስልኩ ቀርጾኛል። አገር ቤት፣ ሚቾአካን ያለችው እህትህ ሳትቀር ደውላ ስቃብኛለች።»

«ስልኩ ላይ ያለው ሌላ ሴት ናት ማለት ይቻላል።»

«ሌላ ሴት እንደዚህ አትጨፍርም» አለች ዴልፊና። «የወደቅሁት ስጨፍር ነው፣ የምናገረውም ስጨፍር ብዬ ነው። አሁን ቡና ጠጣና ሂድልኝ።»

እኔ የገባሁበት እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወይን ማሸጊያ ስሠራ፣ የሐሞት ከረጢቴን በቀዶ ሕክምና አውጥተውልኝ ነበር። ያኔ ቤት ተኝቼ የበላሁት ከካሊፎርኒያ ግዛት የጉዳት ኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ ለዴልፊና በሙሉ ልብ ነገርኳት። ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው አሠሪው የሚገባለት ሌላ ኢንሹራንስ ነው፤ ይሄኛው ከሥራ ውጭ ለታመመ፣ ለተሰበረ፣ ልትወልድ ለደረሰች ሴት ነው። ከፋብሪካው ኪስ አንድ ሳንቲም አይወጣም። በየሳምንቱ ከእኛው ደሞዝ ላይ የሚቆረጥ ነው። የመጀመሪያዋ ሳምንት አትከፈልም፤ ከዚያ በኋላ ከደሞዝሽ ከግማሽ በላዩን፣ ሐኪሙ መሥራት አትችልም እስካለ ድረስ ይሰጡሻል። ብቻ ሰባት ሳምንት ሳያልፍ መጠየቅ አለብሽ።

ዴልፊና ደስ አላት። አቡንዲዮ ግን ከወንበሩ ተነሳ።

«የመንግሥት ገንዘብ እዚህ ቤት አይገባም» አለ። «እኔ ወደዚህ የመጣሁት ልሠራ ነው። እጅ ልዘረጋ አይደለም። ሚስቴም አትዘረጋም።»

«አቡንዲዮ፣ አንተ የመንደራችሁ ሰዎች እድር ገንዘብ ያዥ አይደለህ?» አልኩት።

«ነኝ። ምን አገናኘው?»

«ባለፈው የሞተው ኢላሪዮ አስከሬኑ አገሩ የገባው በምንድን ነው?»

«በእድሩ ነዋ!»

«ሚስቱ ለማኝ ናት በለኛ።»

«ምን ማለትሽ ነው አንቺ? ኢላሪዮ እኮ አንድ ወር ሳያጓድል ሲከፍል ነው የኖረው! መብቷ ነው! ማን ነው እሷን ለማኝ...» አለና ቆመ። ራሱን አከከ። «እሱ ሌላ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው?» አለች ዴልፊና ከአልጋዋ ላይ። «መልስላት እንጂ፣ ገንዘብ ያዥ።»

እሱ ወጥቶ መኪናውን አስነሳና ወደ ክሊኒኩ ሊወስዳት በሩ ላይ ጠበቃት። አቡንዲዮ ተሸነፍኩ ብሎ አያውቅም፤ መኪና ነው የሚያስነሳው።

ማመልከቻው ሁለት ክፍል አለው። አንዱን ራስሽ ትሞያለሽ፣ ሌላውን ሐኪሙ ይሞላል። ሐኪሙ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ነው፤ ስፓኒሽ ከእኛ እኩል ይናገራል።

«አደጋው እንዴት ነበር የደረሰው?» አላት።

«ስጨፍር።»

«ምን ዓይነት ጭፈራ ነው እንዲህ የሚሰብር?»

«ጭፈራውማ ጥሩ ነበር ዶክተር፤ መጨረሻው ነው የተበላሸው።»

ሐኪሙ እየሳቀ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ላክን። ዴልፊና እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ጎረቤቱን ሁሉ በስልክ እያዘዘች መልሱን መጠበቅ ጀመረች።

የመጣው መልስ አጭር ነበር። በእርስዎ ስም የተመዘገበ ደሞዝ የለም ይላል። ስለዚህ የሚከፈል ነገር የለም።

ደግማ አስነበበችኝ። እንደገና አስነበበችኝ።

«አምስት ዓመት ካሮት የለቀመችው ማን ናት ታዲያ?» አለች። «መንፈሴ ናት?»

እኔ ነበርኩ ያስጀመርኳት፣ ስለዚህ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግሥቱ አብረን ለኢንሹራንሱ ቢሮ ደወልን። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትዕግሥተኛ ነበረች፤ ስፓኒሽ ትናገራለች። አሠሪያችሁ ስማችሁንና ደሞዛችሁን ለግዛቱ ማሳወቅ ነበረበት፣ አላሳወቀም አለችን። መቃወም ትችያለሽ፣ ዳኛ ያይልሻል፣ መሥራትሽን የሚያውቁ ሰዎች ካሉ ይምጡልሽ አለቻት። ዴልፊና አመስግና ልትዘጋ ስትል እኔ ስልኩን ተቀብዬ ስለ ራሴ ጠየቅሁ። እኔም የለሁም። ከእኛ ጋር የምትሠራው ይሴንያ በሳምንቱ ጠየቀች። እሷም የለችም። ቶሪቢዮ በየሳምንቱ ለኢንሹራንስ እያለ ከሁላችንም ሲቆርጥ ኖሯል፤ የቆረጠው ግን ከኪሱ አልፎ የትም አልሄደም።

ያን ሰሞን አንድ ቀን ሳልነግራት ቤቷ ደረስኩ። አቡንዲዮ ሥራ ሄዷል። ዴልፊና ጀሶውን በላስቲክ ጠቅልላ ብቻዋን ልትታጠብ ስትሞክር ክራንቿ አምልጧት ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እያለቀሰች ነበር። አይታኝ አላቆመችም።

«እርሚኒያ፣ እኔ እኮ ሰው ይዤ የምሄድ ነኝ» አለችኝ። «ሰው ይዞኝ ሲሄድ አልችልበትም።»

ፀጉሯን አጠብኩላት። ሳበጥራት፣ «ጎተትሽኝ እኮ፣ ካሮት መሰልኩሽ?» ስትል ወደ ራሷ እንደተመለሰች አወቅሁ።

መቃወሚያዋን ባስገባች በጥቂት ቀን ቶሪቢዮ ራሱ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔም እዚያ ነበርኩ። አንድ ሣጥን ጣፋጭ ዳቦ ይዟል፣ ባርኔጣውን አውልቋል። ቶሪቢዮ ክፉ ፊት የለውም። እሱም በልጅነቱ ሽንኩርት ለቃሚ ነበር፤ የተወለደው ከዴልፊና መንደር ማዶ ነው።

«ዶኛ ዴልፊና፣ እንዴት ነዎት? እግርዎ ሲያንገበግበኝ ነው የሰነበተው» አለ፤ «ዶኛ» እመቤቴ እንደማለት ነው።

«አመሰግናለሁ። እኔንም አንገብግቦኛል። ተቀመጥ።»

«ያቺን ነገር ሰማሁ። የጸሐፊዬ ስህተት ነው።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ስትሳሳት? ፈቃድ ስጣት እንጂ፣ ደክሟታል።»

ቶሪቢዮ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ወንበሩን አስጠጋ። «ስሙኝ፣ ከአንድ አካባቢ ሰዎች ነን። ከኪሴ አውጥቼ እሰጥዎታለሁ። ግዛቱ ከሚሰጥዎት አብልጬ። ይህን መቃወም የሚሉትን ነገር ግን ይተዉት።»

አቡንዲዮ ሚስቱን አየ። የቤት ኪራይ ደርሶባቸው እንደነበር አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች።

«ለይሴንያስ?» አለችው።

«ይሴንያ ምን ሆነች?»

«ልትወልድ ነው። ሆዷን አላየህም? አንተማ ስም ነው የምታየው። እሷ ስትወልድ ከኪስህ ትሰጣታለህ? እርሚኒያ ብትታመምስ? ሶኮሮ ወገቧን ብትያዝስ? ኪስህ ስንት ነው አንተ ልጅ?»

ቶሪቢዮ ባርኔጣውን አነሳ። ድምፁም አብሮ ተለወጠ። «እንግዲህ ችሎት የሄደች ሴት ሰኞ ስሟ አይጠራም። ይህን ለሁሉም ይንገሩልኝ።» ይህን ሲል ያየው እኔን ነው።

«እነግርልሃለሁ» አለች ዴልፊና። «አንድ ቃል አልቀንስም። ዳቦህንም ይዘህ ሂድ።»

አቡንዲዮ በዚህ መሐል አንዱን ዳቦ ገምጦ ነበር። የገመጠውን መልሶ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠና ክዳኑን ዘግቶ ሣጥኑን ለቶሪቢዮ አቀበለው። ጎረምሳ ሆኖ ከማውቀው ጀምሮ እንዲህ የኮራ መስሎ አይቼው አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ዴልፊና ግቢ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። አቡንዲዮ ፖሶሌ ቀቅሎ ነበር፤ በቆሎውንም ሥጋውንም ራሱ ነው የሠራው፣ ጨው በዝቶበታል። ዴልፊና እግሯን ባልዲ ላይ ሰቅላ ቶሪቢዮ ያለውን እንዳለ ነገረቻቸው። ቃል በገባችው መሠረት አንድ ቃል አልቀነሰችም።

ጫጫታው ያኔ ተነሳ።

«አንቺ ባል አለሽ» አለቻት አብራን የምትሠራው ሶኮሮ። «እኔ ሦስት ልጆች ብቻዬን ነው የማሳድገው። ሰኞ ካልተጠራሁ ማን ያበላልኛል? አንቺ ከዛፍ ሥር ተቀምጠሽ?»

«እውነትሽን ነው» አለች ዴልፊና። «አላስገድድሽም። ማንንም አላስገድድም። ያልመጣችብኝን ሴት አልቀየምም፣ ፖሶሌውንም አላስከፍልም።»

«እሱንማ ቢከፍሉንም አንበላው» አለች አንዷ ከኋላ። ትንሽ ተሳቀ።

ሌላዋ ስለ ወረቀት ፈራች፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ናት። ዴልፊና ያንንም ቀድማ ጠይቃ ነበር። «ለዚህ ኢንሹራንስ የሚጠይቁት መሥራትሽንና መታመምሽን ነው፤ እንዴት እንደገባሽ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ከፈራሽ ቤትሽ ቆይ። እኔም አንቺን ብሆን እፈራለሁ።»

አንዳንዶቹ ሳህናቸውን አስቀምጠው ሄዱ። ሶኮሮ አልሄደችም፤ ግን ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። እኔም ፈርቼ ነበር። ቶሪቢዮ ያየኝ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋም፤ የባንዱም ገንዘብ ገና ተከፍሎ አላለቀም።

ያኔ ይሴንያ ተነሳች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከማሽኑ መጨረሻ ቆማ የምትሠራ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። ከወንበሯ የተነሳችው እንኳን ሆዷ ከብዷት በሁለት እጇ ተደግፋ ነው።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አለቻት ሶኮሮ።

«ሆዴን አይቶ በሚቀጥለው ሰኞ ባይጠራኝስ ማን ይደነግጣል? ለማንኛውም አይጠራኝም። ዶኛ ዴልፊና በአንድ እግራቸው ይህን ሁሉ ካደረጉ፣ እኔ ሁለት እግር አለኝ።»

«እንዲያውም አራት ነው ያለሽ፣ የልጁን ስትቆጥሪ» አለች ዴልፊና። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ሶኮሮ መጨረሻ ላይ፣ ልትሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ «የሚሄደው በማን መኪና ነው?» አለች።

ቶሪቢዮ ቃሉን ጠበቀ። ወሬው ደርሶት ኖሮ ሰኞ ስም ሲጠራ እኛን ዘለለን። ችሎት ለመሄድ የተስማማነው ሰባት ሴቶች ነበርን። በበሩ ላይ ቆመን ሌሎቹ ሲገቡ አየን፤ አንዳንዶቹ ዓይናችንን ሸሹ፣ አንዳንዶቹ ክንዳችንን ነካ አድርገው አለፉ። በዚያው ሳምንት ብርቱካን ለቀማ ገባሁ። ከዛፍ ዛፍ መሰላል ማዞር ከካሮት ይከብዳል፤ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ችሎቱ ቤከርስፊልድ ነበር። ካባ የለ፣ መዶሻ የለ፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛና የውኃ ማሽን ያለበት ክፍል ነው። ዳኛዋ ወይዘሮ ቺማ ይባላሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ የፑንጃብ ሴት ናቸው። አስተርጓሚ ተመድቧል። ቶሪቢዮ አልመጣም። በእሱ ፈንታ ከረባት ያሰረ ሰው ልኳል።

ከረባታሙ ጀመረ። ይህች ሴት ቋሚ ሠራተኛ አልነበረችም፣ አልፎ አልፎ ብቅ የምትል ናት አለ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሥራ ላይ ተጎዳን እያሉ ገንዘብ መጠየቅ ልማዳቸው ነው አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «ወይዘሮ ሳቫላ፣ የት ነበር የወደቁት?»

«ጭፈራ ላይ፣ ክብርት ዳኛ። በክርስትና ልጄ ድግስ።»

«ሥራ ቦታ አይደለም?»

«አይደለም። ሥራ ቦታ ወደቅሁ አላልኩም። ቪዲዮ አለ፤ ባይታይ እመርጣለሁ፣ ካስፈለገ ግን ናቦር የሚባል ሰው ለመላው ዓለም ልኮታል።»

ዳኛዋ ሊስቁ ሲሉ በሳል አሳለፉት። ከረባታሙ ያዘጋጀው ንግግር እዚያ ላይ ተቆረጠበት፤ ወረቀቱን ገለባበጠ። ዴልፊና እንደ ናቦር ምክር ዋሽታ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እዚያ ወንበር ላይ ምን እንደምትሆን ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ከዚያ ተራ በተራ ጠሩን። ያሉንን የደሞዝ ወረቀቶች ሰጠን፤ ቁራጮቹ ላይ ተቆራጩ በግልጽ ተጽፏል። እኔ ከእሷ ጋር በአንድ መኪና እየሄድኩ መሥራቴን ተናገርኩ። ሶኮሮ ስትናገር ሁሉንም በቁጣ ነው የተናገረችው፤ አስተርጓሚው እየተከተላት ላብ አጠመቀው። ይሴንያ መጨረሻ ላይ ቀረበች።

«ወይዘሮ ሳቫላ በየቀኑ ይሠሩ እንደነበር በምን እርግጠኛ ሆንሽ?» አሏት ዳኛዋ።

«ከጎኔ ነው የሚቆሙት። ሲዘፍኑ ይውላሉ። የቀሩ ቀን ማሽኑ ብቻ ነው የሚሰማው።»

«ምን ይዘፍናሉ?»

«ሁልጊዜ አንድ ዘፈን። ግጥሙን አያውቁትም፣ ግማሹን ና-ና-ና እያሉ ነው።»

«አውቀዋለሁ!» አለች ዴልፊና።

«ወይዘሮ ሳቫላ» አሉ ዳኛዋ፣ «ተራዎን ይጠብቁ።»

ውሳኔው የመጣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ዴልፊና ሳቫላ ሠራተኛ ነበረች፤ ደሞዟ ይመዝገብ፤ ከሁለተኛዋ ሳምንት ጀምሮ ያለው ይከፈላት ይላል። አቡንዲዮ ጮክ ብሎ አነበበው፣ ከዚያ አጥር ላይ ሆኖ ለጎረቤት አነበበው፣ ከዚያ ለእድሩ ስብሰባ ይዞት ሄደ። ናቦር ምን አለ መሰላችሁ? «እኔ ነኝ ቪዲዮውን ያሠራጨሁት፣ የእኔም ድርሻ አለበት» አለ። ዴልፊና አንድ ሳህን ባቄላ ሰጠችው፤ ድርሻህ ይኸው ብላ።

ለቶሪቢዮ ነገሩ እዚያ አላበቃም። የግዛቱ ሰዎች መጥተው የሁሉንም ሠራተኛ ጉዳይ አዩበት፤ የቆረጠውን እንዲከፍል፣ የሁላችንም ደሞዝ እንዲመዘገብ አደረጉ። ፋብሪካው ከእሱ ጋር ያለውን ውል አቋረጠ። አሁን ዴላኖ ከተማ ጎማ ይሸጣል ይባላል። ደስ ብሎኛል ብል እውነቱ ግማሹ ብቻ ነው። ሚስቱን በገበያ አገኛታለሁ፤ ሰላም እንባባላለን፣ ሁለታችንም እንቸኩላለን።

ይሴንያ ሴት ልጅ ወለደች። ያለ ሥራ የቆየችበትም ተከፈላት፤ ሐኪሟ ሞላላት፣ ዴልፊና አጠገቧ ተቀምጣ የእሷን ክፍል አስሞላቻት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የዴልፊና ግቢ ሰው አያጣም። ወገቡን የተያዘ፣ ዓይኑን የሚታከም፣ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም ይመጣል። እሷ የምታውቀውን ትነግራለች፣ የማታውቀውን ወደሚያውቅ ትልካለች። አንድ ሰውዬ፣ የወደቅሁት ከመሰላል ነው፣ ግን አሞኝ ነው ብል አይሻልም ወይ ቢላት፣ «ከመሰላል ከወደቅህ ከመሰላል ነው የወደቅኸው። ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ ያ ሌላ በር ነው፣ አሠሪህን ጠይቅ» ብላ መለሰችው።

እግሯ ድኗል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ታነክሳለች፣ ደረጃ ስትወርድ እጄን ትይዛለች። ሐኪሙ ሥራ መጀመር ትችያለሽ ያላት በጸደይ ነው። ፋብሪካው አዲስ ሠራተኛ አቅራቢ አምጥቶ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ስም ትመዘግባለች። ሰኞ ጠዋት ጭጋግ ነበር፤ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። እኛ ሰባታችንም ተመልሰናል።

ዴልፊና ተራዋ ደርሶ ጠረጴዛው ጋ ቆመች። ወጣቷ ስሟን ጠየቀቻት።

«ስሜን እነግርሻለሁ፣ የኔ ልጅ» አለች ዴልፊና። «መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። ከደሞዛችን የምትቆርጡትን ለግዛቱ ታሳውቃላችሁ?»

«አዎ፣ እንዴታ።»

«ጎሽ። በምን አውቃለሁ?»

ወጣቷ ግራ ገባት። ከዚያ ኮምፒውተሯን አዙራ እንዴት እንደሚላክና ሠራተኛው ራሱ እንዴት ማየት እንደሚችል ማሳየት ጀመረች። ዴልፊና ጎንበስ ብላ፣ መነጽር ስለሌላት ዓይኗን አጥብባ፣ እስከ መጨረሻው አየች። ከኋላ አንድ ወንድ፣ «ሰልፉ ቆመ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ይቁም» አለች ሶኮሮ ከኋላዋ። «ከእሷ ቀጥሎ እኔ ነኝ፣ እኔም ማየት አለብኝ።»